ዘጠነኛው ቦርሳ

ለውድ ወንድሜ ለራዳን፣

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህ ጋልያስ ደህና ናት? ያ ያስቸገረህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ ጀርመኖቹ አሁንም ሲሚንቶ ያሸክሙሃል? የልጅህ የኢቫ የፊት ጥርሶች በቀሉ? እኛ ደህና ነን፤ እማማ ጉልበቴን ብትልም፣ ቼሪ በስኳር ቀቅላ ብልቃጥ ከመሙላት ያገዳት የለም። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ መቀመጫዬ እሾህ ሆኖብኛል። ያልደወልኩልህ «እስቲ እናያለን» ብለህ እንዳትዘጋብኝ ነው።

ትምህርት ቤት ለእረፍት ከተዘጋ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የልጆች ቦርሳና ደብተር አምጥቼ የሱቄ መስኮት ላይ ደረደርኩ። ጉድ ፈላ! ልጆቹ ከወንዝ ዋና ሲመለሱ መስኮቴን እንዳያዩ መንገድ ይሻገራሉ። ፖስተኛው ሜቶዲ «ምነው ዝድራቭካ፣ ገና ሐብሐብ እንኳ ሳንቀምስ መስከረምን ጎትተሽ አመጣሽብን! ነገ ደግሞ የገና ዛፍ ልትሸጪልን ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አንተ ደብዳቤህን አድል አልኩት።

አላበድኩም። መምህርት ዶብሪና በጆሮዬ የነገረችኝ ነገር ነበር፤ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ዘጠኝ ልጅ ካልተመዘገበ ትምህርት ቤታችን ጭራሽ ይዘጋል፣ ልጆቹም በጨለማ ተነስተው በአውቶቡስ ከተማ ይወርዳሉ። ወሬውን የሰሙ ወላጆች ከወዲሁ ጓዛቸውን መሸከፍ ጀምረዋል። ቦርሳ ሲያዩ ትምህርት ቤት እንደሚኖር ያምናሉ ብዬ ዘጠኝ ሰቀልኩ። ስም ጽፋችሁበት ሂዱ፣ በመስከረም ትወስዱታላችሁ አልኳቸው። ልትሄድ የተነሳችው ኔቬና እንኳ መጥታ የመንታ ልጆቿን ስም ጻፈች። ስምንቱ ባለቤት አገኙ፤ ዘጠነኛው፣ ቀዩ፣ ብቻውን ተንጠልጥሎ ቀረ።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ቀዩ ላይ የልጅህን ስም፣ ኢቫ ብዬ ጻፍኩበት። ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ብዬ ነበር። ራዳን ሊመለስ ነው የሚለው ወሬ ግን እግር አውጥቶ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ሜቶዲ ማንም ሳይጠይቀው የቤትህን ጣሪያ ጠገነ። ኔቬና ማገዶ አራገፈችልህ። ዶብሪና እያለቀሰች አቀፈችኝና የልጅህን ስም ዝርዝሯ ላይ በእርሳስ አሰፈረች። እማማ ክፍላችሁን ኖራ ቀብታ፣ መንገዳችሁ እንደ ውሃ እንዲቀናላችሁ በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ ውሃ ታፈሳለች። ይህን እያየሁ እውነቱን መናገር አቃተኝ። አፈርኩ፣ ራዳን። ታላቅህ ነኝ ብዬ፣ ሳልጠይቅህ በኑሮህ ገባሁበት።

ና ብዬ አላስገድድህም። ካልመጣህ አልመጣም ብለህ ጻፍልኝ፤ ስሙን በሰው ፊት በገዛ እጄ አወርደዋለሁ፣ ስድቡንም እችለዋለሁ። ብቻ «እናያለን» አትበለኝ። ስድስት ዓመት አየን።

ይህን ለሜቶዲ አልሰጠውም፤ ከተማ ወርጄ ራሴ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። ጋልያን ሰላም በልልኝ። ዶብሪናና ኔቬና ናፍቃችሁናል ብለዋል፤ እማማ ጉንጫችሁን ትስማለች። ኢቫን ግንባሯን ሳምልኝ። ትናንት እማማ «ልጅቷ ቀይ ትወዳለች ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አክስቷ ነኝ፣ አላወቅኩም። ሌላውን እስክትወስን እሱን እንኳ ጠይቃትና ጻፍልኝ።

እህትህ ዝድራቭካ
ቦሮቭ ዶል መንደር፣ ቡልጋሪያ
ሐምሌ 11 ቀን