በበሩ ላይ ለተሰቀለው ፊቴ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲያችን ፕሬዚዳንት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ጠዋት ጠዋት በስሬ ለሚያልፈው ባለ ጥቁር መስታወት መኪናዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። «በስሬ» ማለቴ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከዋናው በር በላይ በተተከለው ቢልቦርድ ላይ ጋዋን ለብሳ፣ «ዛሬ ተማሪ፣ ነገ መሪ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ የምትስቀው ልጅ እኔ ነኝ። በምረቃችን ዕለት ፎቶ አንሺዎ «ለአልበም ነው፣ ፈገግ በይ» ቢለኝ፣ በዚያው ቅጽበት የጓደኛዬን ቆብ ነፋስ ወስዶት ስታባርረው አይቼ ከልቤ ስቄ ነበር። አልበም የተባለው ቁመቱ ከፎቅ የሚስተካከል መሆኑን ያወቅሁት እንደ ማንኛውም መንገደኛ ከታክሲ መስኮት ነው። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ የምጽፍልዎ፣ ታናሽ እህቴ ይህንኑ ፎቶ አይታ የልብስ ስፌት ሥራዋን እርግፍ አድርጋ ትታ ወደ እርስዎ ግቢ ልትመጣ ስለሆነ ነው። በስልክ «እንደ አንቺ ልሁን» ትለኛለች። እንደ እኔ መሆን ምን እንደሆነ ግን አታውቅም፤ የምታውቀው ላይ ያለችውን ነው። እንግዲህ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ፤ በቅደም ተከተል ማሰብን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎትና።

አንደኛ፦ የተማርኩት የውሃ ሀብት አስተዳደር ነው፤ ምስጋና ይግባዎና ውሃ አላጣሁም። ከግቢዎ ጀርባ ባለው ላውንደሪ ልብስ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራ ያልጠየቅሁበት ደጃፍ አልነበረም። በአንዱ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ብገባ ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ተያይተው «አንቺ የበሩ ላይ ልጅ አይደለሽም እንዴ!» አሉና ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ውሃ የጠየቀኝ የለም፤ ስለ ፎቶው ሲያወሩ ቆይተው፣ ስወጣ አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አንቺማ ተደላድለሻል፣ ለሌላው ዕድል ስጪ እንጂ» ብላ ሸኘችኝ። እኔም ሻዬን ጨርሼ ወጣሁ።

ሁለተኛ፦ ከባዳ ዘመድ ይሻላል ብዬ ወደ ራስዎ ግቢ መጣሁ። ጥበቃው ፊቴን አይቶ ሳይፈትሸኝ አስገባኝ። የሰው ኃይል ክፍሉ ኃላፊ ግን ሲቪዬን አገላብጠው «የሥራ ልምድ የለሽም» አሉኝ። ከኋላቸው ባለው መስኮት የቢልቦርዱ ጀርባ ይታያል፤ ለካ ከውስጥ ሆነው ሲያዩኝ ቆርቆሮና ብረት ብቻ ነኝ። ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ድፍረት ባይሆንብኝ ልጠይቅዎ፤ ፀሐይ ዝናብ ሳልል፣ የዓመት ፈቃድ ሳልወስድ፣ አንድም ቀን ሳልቀመጥ በርዎ ላይ ቆሜ ተማሪ ስጠራልዎ የኖርኩት ልምድ ካልሆነ ምንድን ነው? አገጬ ላይ ብሎን ሲመቱብኝ እንኳን ፊቴን አላጠቆርኩም። ስለዚህ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ፣ ጠባዬም «መልካምና ዝምተኛ» ተብሎ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።

ሦስተኛው ለመጻፍ ይከብደኛል። በዶርም አብረውኝ የኖሩ ልጆች ነበሩ፤ በፈተና ሰሞን አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበን ያጠናን፣ አንዷ ስታለቅስ ምክንያቱን ሳንጠይቅ ሁላችንም የምናለቅስ። ቢልቦርዱ ከተሰቀለ በኋላ በየተራ ደወሉልኝ፤ «እባክሽ እኛንም ሥራ አስገቢን» አሉኝ። እኔም ሥራ አልገባሁም ብላቸው መጀመሪያ ሳቁ፣ ደግሜ ስነግራቸው ግን አልሳቁም። አንዷ «ሰው ከፍ ሲል ታች ያለውን አያይም» ብላ ጻፈችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእህቴ በቀር ስልኬ የሚጮኸው ደንበኛ «ልብሴ ደረሰ ወይ?» ሊል ነው።

ብቸኝነት የሚያውቅ ሰው ማጣት ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። በመንገድ ላይ ሰው ፊቴን ትክ ብሎ ያይና «የት ነው የማውቃት?» እያለ ያልፋል። ማታ አከራዬ ቆጣሪውን ስታጠፋብኝ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ እርስዎ ለዚያች ልጅ ሲያበሩላት የሚያድሩትን መብራት በመስኮት አያለሁ። «ደህና እደሪ» የምለው እሷን ነው፤ ሌላ የምለው ሰው የለኝም።

አባቴም መጥቶ ነበር፣ አልነገርኩዎትም። ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሊያየኝ መጣ፤ እኔን ሳይሆን ያቺን። ቆቡን አውልቆ ከስሯ ቆሞ፣ የሚያልፈውን ሁሉ «ልጄ እኮ ናት» ይል ነበር። እኔ ደንበኛ ሊወስደው ተተኩሶ የተሰቀለ ኮት ደርቤ በጓሮ በኩል እየሮጥኩ ደረስኩ። «እንዲህ የሰቀሉሽ ምን ያህል ቢወዱሽ ነው!» አለኝ። የሰው ኮት እንዳይጨማደድብኝ ፈርቼ አባቴን ሳላቅፈው ሸኘሁት። እሱ ግን የሹመት ኩራት መስሎት ለእናቴ «ልጅሽ ኮራ ብላለች» ብሎ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ቤት አልሄድኩም፤ በምን ፊቴ?

አሁን ደግሞ እህቴ። እጇ ወርቅ ነው፤ እሷ የሰፋችው ቀሚስ የጎበጠችውን ሴት ቀና ያደርጋታል፣ ደንበኞቿም ተራ ይጠብቃሉ። «ዩኒቨርሲቲ ይጠቅማል ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። አይጠቅምም ብላት ውሸታም ነኝ፤ በላይብረሪዎ የአንድን ወንዝ መነሻ ካርታ ላይ በጣቴ ስፈልግ፣ ሳገኘውም ብቻዬን «አገኘሁህ!» ብዬ ስጮህ የተሰማኝን ደስታ ማንም አይወስድብኝም። ይጠቅማል ብላት ደግሞ ሁለተኛ ቢልቦርድ ሆንኩ። ልመናዬ እንግዲህ ይኸው ነው፤ ወይ ያውርዱኝ፣ ወይ ደግሞ «ነገ መሪ» ከሚለው ስር በዚያው መጠን ባለ ፊደል «ይህች ልጅ ከግቢው ጀርባ ልብስ ትተኩሳለች፤ በመማሯ አልተጸጸተችም፣ ሥራ ግን አላገኘችበትም፤ አስባችሁ ግቡ» ተብሎ ይጻፍልኝ። እህቴ እሱን አንብባ ከገባች እኔም ልቤ ያርፋል።

አራተኛና አምስተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ነገር ግን ካውያው ግሏል፣ እየተጠራሁም ነው።

ፀሐይ ያደበዘዘውን ፈገግታዬን ሳላጓድል፣ ከፍ ካልኩበት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

የቀድሞ ተማሪዎ፣ የዘወትር በረኛዎ፣
የነገ መሪ፣ የዛሬ ልብስ ተኳሽ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው እህቴ ቀደመችኝ። ትናንት ስልኬ ጮኸ፤ «ከስርሽ ቆሜያለሁ፣ የት ነሽ?» አለችኝ። ሽርጤን እንደታጠቅሁ፣ እጄ በረኪና በረኪና እየሸተተ ወጣሁ። አንጋጣ ያቺን እያየች ስለነበር ስጠራት ደነገጠች፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ እኔ አየች። ሁሉንም እዚያው ነገርኳት። ስለ ዲግሪውም ስለ ሥራውም አንድ ነገር አልጠየቀችኝም፤ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን?» ብቻ አለችኝ። አቀፍኳት፤ ሽርጡ የራሴ ስለሆነ ቢጨማደድም ግድ የለኝም። በነገራችን ላይ እህቴ ትመዘገባለች፤ ሆኖም የስፌት ማሽኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛ ነው የመጣችው፣ «ለማንኛውም» ትላለች። ስትመረቅም ፎቶ አንሺዎ መጥቶ «ፈገግ በይ» ቢላት፣ «ምን ተገኝቶ?» ብላ እንድትጠይቀው ከወዲሁ አስጠንቅቄያታለሁ።