«ሊኑክስን ይደግፋል» ብለው ለጻፉልን

ለተከበሩ የመዳፍ አከል ኮምፒውተሮች አምራች ድርጅት የድጋፍ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎም ወንበርዎም እንደተመቹዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነኝ። በካርቶንዎ ላይ በወርቃማ ፊደል የታተመውን «ሊኑክስን ይደግፋል» የሚል ቃል አምኜ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ያስገዛሁ የዋህም እኔው ነኝ።

አንደኛ፦ ዕቃዎ ትምህርት ቤታችን የሚሠራበትን ነጻ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት፣ ሊኑክስን፣ በእርግጥ ያስነሳል፤ ውለታዎን አልክድም። የጎደለው የግራፊክስ ቺፑን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ድራይቨር ብቻ ነው። እሱ ስለሌለ ምስሉን ሁሉ ምስኪኑ ፕሮሰሰር ብቻውን ይሥላል፤ ቪዲዮም ትንሽ ሄዶ ድርቅ ይላል።

ሁለተኛ፦ አምስት ጊዜ ብጽፍልዎ ከስድስት ዓመት በፊት ለነበረ የሊኑክስ ስሪት የተሠራ ድራይቨር ላኩልኝ። ራሳችን እንድንሠራው የቺፑን ሰነድ ብንጠይቅ «ምስጢር ነው» አሉን። ምስጢር ጠባቂነትዎ ያስቀናል።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። እህቴ እዚሁ የምልክት ቋንቋ መምህርት ናት፤ ልጆቹም ኮምፒውተሮቹን ቤታቸው ወስደው የሚለማመዱት እሷ ከቀረጸችው ቪዲዮ እያዩ ነው። «እናቴ» የሚለው ምልክት ላይ ቪዲዮው ሁልጊዜ እጅ አየር ላይ እንዳለ ይቆማል። ልጆቹ መቆሙን የምልክቱ አካል መስሏቸው አጠኑት። አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪ እናቷን በጠራች ቁጥር እጇን መሃል ላይ ታቆመው ጀመር። እንደ ልጇ መስማት የተሳናት እናት ደንግጣ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አይቶ ምንም አላገኘም። ከዚያ እህቴ ዘንድ መጥታ «የልጄን እጅ ምን ነካብኝ?» ብላ በእጇ ጠየቀች። እህቴ ቪዲዮውን ከፍታ አሳየቻት። ሴትየዋ አይታ አለቀሰች። እኔም አጠገባቸው ቆሜ አፈርኩ፤ ማፈር የነበረብዎ እርስዎ ሆነው ሳለ።

ስለዚህ ድራይቨሩን ወይም ሰነዱን እንዲሰጡን በትሕትና እለምናለሁ። ሁለቱም ከከበደዎ ያንን ቃል ከካርቶኑ ላይ ይፋቁልን፤ ለዚህ እንኳ ድራይቨር አያሻም፣ ጥፍር ይበቃል።

ድጋፍዎ ከመብዛቱ የተነሳ ሊወድቅ የደረሰ፣
ታዛዥ ደንበኛዎ፣
የትምህርት ቤቱ ጥገና ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ልጆቹ ለእርስዎ በምልክት ቋንቋ መልእክት ቀርጸው ነበር። ነገር ግን በራስዎ ዕቃ ሲያዩት መሃል ላይ ይቆምብዎታል ብዬ ተውኩት፤ ስድቡ ያለው መጨረሻው ላይ ነው።