የሹፌሩ ክዳን

ወንድም ጋሼ፣

ልቀሰቅስህ ነበር፤ ማንኮራፋትህን ስሰማ ተውኩት። አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ።

ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የሠራኋትን ትንሽ ታንክ እንዳትነካት! ቀለሟ አልደረቀም። መስኮቱንም አትክፈት፣ ነፋሱ ጥላሸቷን ይወስድብኛል። ጥላሸቱን ከድስታችን ቂጥ ነው የፋቅኩት። ሻይ ቅጠልህም አልቋል። ጠጥቼው እንዳይመስልህ፤ ፈጭቼ ሰንሰለቷ ላይ በሙጫ በተንኩት። ዝገት ማለት እሱ ነው! መዳፍ የምታክል ታንክ፣ ተቃጥላ፣ ሆዷ ተዘርግፎ፣ እንዴት እንደምታምር! ከደስታዬ ብዛት ጫማዬን ግራና ቀኝ አቀያይሬ አድርጌ ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ያወቅኩትና የተመለስኩት።

ሌላው ደግሞ
ማክሰኞ የጮህኩብህ ነገር።

የሹፌሩን መውጫ ክዳን በቢላ ፈልቅቀህ ስትከፍት ሳይህ፣ የሁለት ወር ልፋቴን ውሃ በላው ብዬ ነበር። አንተም ቢላውን አጥበህ ወደ መኝታህ ገባህ። እኔ ክዳኑን ዘግቼ ያጣበቅኩት ለዓይን እንዲያምር ብቻ ነው። ከሚነድ ታንክ በሹፌሩ ክዳን ወጥተህ የተረፍከው አንተ መሆንህ እንዴት ጠፋኝ? ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ቀለም ስቀባ ነው የገባኝ፦ ክዳኑ ከተዘጋ ሹፌሩ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የቢላህንም ጭረት አልደፈንኩትም።

ጎረቤት መጥቶ "ሹፌሩስ የት አለ?" ካለህ፣ ወጥቷል በለው። እቤቱ ተኝቷል፤ ምሳው ድስት ውስጥ አለ።