በአባባ ክንድ የተለካው ጊታር

ይድረስ ለወንድሜ ለጌጡ ወልደሚካኤል፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ጎማ ስትፈታ ይይዝህ የነበረው ወገብህ ለቀቀህ? የሚሌ ሙቀት ዘንድሮ እንዴት አድርጓችኋል፤ ማታ ከጭነቱ ላይ ወጥታችሁ ትተኛላችሁ ወይስ አሁንም ጋቢና ውስጥ ትታፈናላችሁ? ሾፌርህ ዩሱፍ እንቅልፍ ሲመጣበት ዘፈን ከመሃል ጀምሮ ከመሃል ማቆሙን ተወ? እኔ ደህና ነኝ። አባባም ደህና ነው፤ ትናንት ወደ ኮምቦልቻ ለመሄድ ተሳፍሯል። ሪያድ ሙቀቱ በርትቷል፣ ረመዳንም ሊገባ ነው።

ይህን ሁሉ የምጠይቅህ መልስ እንደማይመጣ አውቄ ነው። መኪናችሁ ሚሌ አጠገብ የተገለበጠው ግንቦት እንደገባ መሆኑን፣ ዩሱፍ እግሩ ተሰብሮ ሲተርፍ አንተ ረዳቱ እንዳልተረፍክ፣ ኮምቦልቻም እንደተቀበርክ ነግረውኛል። ነገር ግን ደብዳቤ ጤና ሳይጠየቅ አይጀመርም፤ ለአንተ ስጽፍ ደግሞ ሌላ አጀማመር አልለመድኩም። ስለዚህ ወሬውን እንደ ወትሮው ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ። ወሬው የጊታሩ ነው። ሳንጨርሰው የቀረ ጉዳያችን እሱ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ደውለህ ትልቁ ጊታርህ መለዋወጫ ጎማ ወድቆበት አንገቱ እንደተሰበረ ስትነግረኝ ብዙም አላዘንክም። «ድሮም ለመኪና የተሠራ አልነበረም፤ እሱ ሲጋደም እኔ ቁጭ ብዬ ነበር የማድረው» አልክ። ከሪያድ እንድልክልህ የፈለግከው ትንሽ ጊታር ነው። የጅቡቲ ድንበር ላይ፣ ጋላፊ ኬላ ተራ ስትጠብቁ የምትነካካው፣ መኪናው ሲነሳ ደግሞ ከመቀመጫው ኋላ ካለችው አልጋ ሥር የሚገባ። ኮንሰርት እንደማታቀርብና ለአንተና ለዩሱፍ ማምሻ ከሆነ እንደሚበቃህ ነገርከኝ። ርዝመቱ ከሁለት ክንድ እንዳያልፍ አልክ። በማን ክንድ ብዬ ብጠይቅህ በአባባ ክንድ አልክ፤ ሸሚዙን ስትለብስ እጅጌው ልክህ ነውና። በእኔ ክንድ ልለካው ስልህ «ያንተ ገና ክንድ አይደለም፣ እርሳስ ነው» ብለህ ሳቅክብኝ። እኔና እማዬ ወደዚህ ስንመጣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አንተ ከአሥራ ስምንት ስላለፍክ በአባባ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማው፣ መምጣት አልቻልክም። የምታውቀው የዚያን ጊዜውን ክንዴን ነው።

አባባን ክንድህን አበድረኝ ብለው ቀና እንኳ ሳይል «ለክንዴ ሌላ ሥራ ጠፋ?» አለኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ከኪነት ቡድን ጋር መዞር ስትጀምር ምን እንዳለህ አንተው ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ ጊታር የሚባል ነገር በቤታችን አይነሳም። እማዬ ትንሿን እህታችንን ትዝታን ይዛ አምና ከተመለሰች ጀምሮ ደግሞ እኔና እሱ ብቻ ስለሆንን የሚከራከርልኝ ሰው የለም። ስለዚህ ያለ ክንድ ሄድኩ። የወሰደኝ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤታችን ሰዒድ ነው።

ሱቁ ወደ ዑድ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለ ጠባብ ሱቅ ነው፤ ባለሱቁ የመናዊ ነው። ያየሁትን ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ በቫይበር ስልክልህ የመለስክልኝን አልረሳሁትም። ቀዩን የልጆች ጊታር ስታይ ለትዝታ የልደት ኬክ ማስጌጫ ይሆናል አልክ። ባለአራት ክሯን ትንሽዬ ስታይ «ሁለቱን ክር ማን በላው?» ብለህ ጠየቅክ። ሆዱ እንደ ጣውላ ጠፍጣፋ የሆነውን የመንገደኛ ጊታር ወድጄው ነበር፤ አልጋ ሥር ይቅርና ፍራሽ ሥር ይገባል። ግን ድምፁ አይወጣም፤ ጆሮህን ካልደገፍክበት አይሰማም። «ዩሱፍ ሳይሰማኝ ብጫወት ምን ዋጋ አለው፤ እሱ እንደሆነ ሳይሰማም ይተቻል» አልከኝ። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራውን ባለሱቁ ሲያሞግሰው ዋለ፤ ድምፁም እውነት ጥሩ ነበር። አንተ ግን ፀሐይ ላይ የቆመ ጋቢና ውስጥ በሳምንቱ ይሰነጠቃል፣ ስስ ጣውላ ተደራርቦ የተሠራውን ፈልግ አልክ። ክሩም ናይለን ይሁን አልክ፤ የብረቱን የጅቡቲ ጨው ያዝገዋል።

በመጨረሻ የቀረው ቡናማው ነው። ከትልቁ ጊታር ሩብ ያህል ያንሳል፤ ወፍራሞቹ ክሮች እንደ ትልቁ አይጎረንኑም እንጂ ድምፁ ሞልቶ ይወጣል። እንዳልከኝ አንገቱን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ አነጣጥሬ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። መቃኛዎቹንም አንድ በአንድ አዞርኳቸው። ጀርባው ላይ ጭረት ስላለበት ግን ወላወልኩ። የሰዒድ ሚስት ኸይሪያ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «አንተ ሰማው፣ ዛሬም አልመረጥክም? ሰዒድ እኔን ሲመርጥ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይጸጸታል!» ትለኝ ነበር።

የቡናማውን ፎቶ ስልክልህ ደርሷል የሚለው ምልክት አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። አባባ ጋላፊ ኔትወርክ የለም አለኝ፤ አመንኩት፣ ብዙ ጊዜ አይኖርምና። እማዬ ስትደውል ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤ ጉንፋን ነው አለች። አባባ ጺሙን መላጨት ተወ፤ ምላጩ ቆዳዬን ያሳክከኛል አለ። ኸይሪያ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝና እንደ ወትሮዋ ትቀልዳለች ብዬ ስጠብቅ «ምረጥ፣ ደህና አድርገህ ምረጥ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለፈችኝ። ያን ጊዜ ከሰዒድ ጋር የተጣሉ መስሎኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ስለ ጭረቱ ሳወራ አባባ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። «ና እንሂድ፤ እስከ መቼ ስታወራው ትኖራለህ?» አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ሱቅ ደርሰን ጊታሩን ገና እጁ ላይ እንዳደረገው የመግሪብ ሶላት አዛን ተሰማ። ባለሱቁ መዝጊያውን ወደ ታች ስቦ፣ እኛን እዚያው ትቶ፣ ሊሰግድ ወደ ጓዳ ገባ። ከመዝጊያው ሥር በሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረን። አባባ ጊታሩን የዕቃ ማሳያው መስተዋት ላይ አጋደመው። ክርኑን ከታችኛው ጫፍ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ዘረጋና፣ መሃል ጣቱ ያረፈበትን ቦታ እንድይዝለት ነገረኝ። ያዝኩለት። ከዚያ ክርኑን እኔ የያዝኩት ላይ አሳርፎ ሁለተኛ ዘረጋ። ጣቱ ልክ ከጊታሩ ራስ ጫፍ ላይ አለቀ። «ሁለት ክንድ። ልኩ ነው» አለ። ክንዱን ግን ቶሎ አላነሳም።

ባለሱቁ ተመልሶ መብራቱን ሲያበራ አባባን በዚያ ሁኔታ አገኘውና ሳቀ። «አንተ ሐጂ፣ ሜትር እኮ አለኝ» አለው። አባባ በዐረብኛ «ሜትሩ ልጄን አያውቀውም» ብሎ መለሰለት። የመናዊው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። አባባ ሳይከራከር ከፈለ። ሳይከራከር ዕቃ ሲገዛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መንገዱንም ሁሉ ጊታሩን የተሸከመው እሱ ነው።

ከዚያ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደረሰ። ደህና የሠራሁ ይመስለኛል፤ ፊዚክስ ከብዶ ነበር። ፈተናው ባለቀ ማግስት፣ ገና ሊነጋ ሲል፣ በር ላይ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ሰዒድ ነበር፤ ኸይሪያ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ የሒሳብ መምህራችንም አብሯቸው አለ። አባባ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። መምህራችን ቤታችን መጥቶ ስለማያውቅ ስለ ፈተናው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሰዒድ «ሰማው ወንድሜ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ በርታ» አለና ነገረኝ። መቼ ብዬ ጠየቅኩ። ነገሩኝ። «ታዲያ ጊታሩ?» አልኩ። ሁሉም ወለሉን አዩ።

መርዶ ለተማሪ ከፈተና በኋላ፣ ለመንገደኛም ከመንገዱ በኋላ እንደሚነገር አውቃለሁ። ብዙ ሰው ላይ ሲደረግ አይቻለሁ። አሁን ግን አንተ ከሞትክ በኋላ ስንት ጊዜ ስለ ጭረቱ እንደተጨነቅኩ፣ ሰፈሩም ሁሉ እያወቀ እንደሰማኝ ሳስበው ከአባባ ጋር መነጋገር አስጠላኝ። ለቅሶ የሚደርሱ ሰዎች ከሰፈራችን ከባዲዓም ከሹመይሲም ሰፈርም እየመጡ ሲቀመጡ ጊታሩ ከቁምሳጥኑ ላይ ሆኖ ያያቸው ነበር። ከዚያ ቤት እንዲወጣልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

አባባ አሠሪው የመውጫና መግቢያ ቪዛ እስኪያወጣለት ድረስ ለቀብርህ አልደረሰም፤ ለአርባህ ይደርሳል። የእኔ ኢቃማ እድሳት ላይ ስለሆነ ከአገር መውጣት አልችልም። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ እማዬ ደወለችና ጊታሩን ይዘህልኝ ና አለችው። በአርባህ ዕለት ከፎቶህ አጠገብ ልታስቀምጠው ነው፤ ለቅሶኛው እንዲያየው። አባባ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «የመረጥከው አንተ ነህ። ይሂድ ወይስ ይቅር? አንተ በል» አለኝ። ለመሄድ የሚከብድ አልነበረም፤ በእጅ ተይዞ አውሮፕላን ውስጥ ይገባል፣ እንዲያ ብለን ነው የመረጥነው። ውሰደው ልለው አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣኝ። እያወቅክ ለምን ለካኸው አልኩት።

አባባ ሸሚዝ እያጣጠፈ ነበር፤ ያንተ ልክ የሆነውን። ማጠፉን ሳያቆም እንዲህ አለኝ፦ «እኔ የሰማሁት ከዚያ ዓርብ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። አንተ ግን አሁንም ስለ ጭረቱ ታወራ ነበር። ጌጡ ያልሞተበት ሰው በዚህ ቤት አንተ ብቻ ነበርክ። አብሬህ ልሂድ አልኩ። ክንዴን የዘረጋሁት ለማስመሰል አይደለም፤ ልለካለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጠየቀኝ ይህችን ብቻ ነበር፣ ዘግይቼ አደረግኩት።»

ጊታሩ ኮምቦልቻ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ታየኝ። ከፎቶህ ሥር ይለቀስበታል፤ ከዚያ ሚስማር ይመታለታል፤ ግድግዳ ላይ አቧራ ይለብሳል። አንተ የጠየቅከው ደግሞ የሚሰቀል አልነበረም። ተራ ሲጠበቅ የሚነካካ ነው። ይቅር አልኩት። አባባም «እሺ፣ እናትህን እኔ አስረዳለሁ» አለ፤ እዚያው ደወለላት። በመጨረሻ «ይሁን፣ ይቅር። አርባው ሳይወጣ ግን ድምፁ እንዳይሰማ» አለች። ቀጥላም «ከዚያ በኋላ ደግሞ ዝም ብሎ እንዳይቀመጥ። እሱ ዝም ያለ ዕቃ አይወድም ነበር» አለች።

ትናንት አባባን ሰዒድ በመኪናው አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰው፤ እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። ሲለየኝ ትከሻዬን በክንዱ ያዝ አድርጎ ቆየ። ኸይሪያ ከእነሱ ዘንድ እንዳድር ለመነችኝ። ቤቴ ነው የማድረው ስላት «ኸላስ፣ በቃ፣ እንደ አባትህ ግትር ነህ» ብላ ሩዝ በሳህን ሞልታ አስያዘችኝ።

ሰላምታ ወደ አለህበት ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። የሚደርስ ከሆነ ለአያታችን ለእማማ ወርቅዬ ጉንጯን ሳምልኝ፤ ፊቷን አላስታውሰውም፣ አንተ ግን ታውቃታለህ። ሰዒድ ነፍስህን ይማር ብሏል፤ ኸይሪያም ዱዓ እያደረገችልህ ነው። ዩሱፍ ከነጀሶው መቃብርህ ድረስ እየመጣ እንደሚቀመጥ እማዬ ነግራናለች፤ ይዘፍን አይዘፍን አልጠየቅናትም። እማዬና ትዝታ አጠገብህ ስለሆኑ በእነሱ በኩል ሰላም አልልህም። አባባ ደግሞ ይህ ደብዳቤ ሳይጻፍ ደርሶልሃል።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ የሰማሁት የማቀዝቀዣውን ድምፅ ብቻ ነው። የአባባ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ፊቴን ታጥቤ ከሩዙ በላሁ። ከዚያ ጊታሩን ከቁምሳጥኑ ላይ አወረድኩና አልጋው ላይ አጋደምኩት። ሙቀት ሲበረታ ክሩን አላላው ብለኸኝ ስለነበር፣ ድምፅ እንዳይሰጥ በመዳፌ ሁሉንም ይዤ፣ መቃኛዎቹን ትንሽ ትንሽ መለስኳቸው። ከዚያ ክርኔን ከታችኛው ጫፍ ላይ አድርጌ ጣቶቼን ዘረጋሁ። ቦታውን የሚይዝልኝ ስላልነበረ በሌላው እጄ ራሴ ያዝኩና ሁለተኛ ዘረጋሁ። ወደ ጫፉ ለመድረስ ሁለት ጣት ቀረኝ። ደግሜ ለካሁት፤ ያው ሁለት ጣት ነው።

ወንድምህ ሰማው
ባዲዓ፣ ሪያድ
ሰኔ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.