የማይቀዘቅዘው ቁጥር ሁለት

ታዴዬ፣ ያለህበት ወሬ የሚደርስበት አገር ይሁን አይሁን ባላውቅም እጽፍልሃለሁ። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ሙት ዓመትህን በግንቦት አወጣን። ካህናቱም ጎረቤቱም በልተው መርቀው ሄዱ፤ እኔ ግን እንደ ልማድህ ዘግይተህ የምትመጣ መስሎኝ አንድ ሳህን ከድኜ አስቀምጬልህ ነበር። ማታ ራሴው በላሁት።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፤ እሑድ እሑድ እየደወለች ትመክረኛለች፣ እናቴ እሷ ሆናለች። የጥገና ሱቃችሁን ባልደረባህ በላይ ብቻውን ይዞታል። አብሮህ ሬዲዮ ሲፈታ ያረጀው ሰውዬ አሁን ስልክ ብቻ ነው የሚጠግነው፤ ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ጠፋ እያለ ያማርራል። እኔም ባልትናዬን አልተውኩም። ግቢው አሁንም በበርበሬ ቀልቷል፣ ዶሮዎቹም አሁንም ይረግጡብኛል።

ያስቸገረኝ ለዚሁ በርበሬ ብለህ የሠራህልኝ የአየር መለኪያ ነው። ጣራ ላይ ያለው ላኪ፣ ነጭ ቀለም በቀባሃቸው የፕላስቲክ ሳህኖች መሀል እንደተደበቀ አለ። ሳሎን ያለው ተቀባይም ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀምጦ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የአየሩን ግፊት ያሳየኛል። ግፊቱ መውረድ ሲጀምር በርበሬዬን እሰበስባለሁ። የሰፈሩ ሴቶችም እህል ከማስጣታቸው በፊት በአጥር ላይ ተንጠልጥለው ይጠይቁኛል፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ጠንቋይ ልሆን ምንም አልቀረኝ።

ታዲያ አንተ ከሄድክ በኋላ ሞገዱ ይቆራረጥ ጀመር። በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ብቻ ይደረደራል። መጀመሪያ ያኮረፈ መስሎኝ ተውኩት። ባለፈው መስከረም ግን ከጠዋት ጀምሮ ሰረዝ ሆኖ ሲውል፣ ግፊቱ መውረዱን ሳላይ ዝናቡ ከቁስቋም ኮረብታ በኩል ወርዶ ግቢ ሙሉ በርበሬ አበሰበሰብኝ። ሻገተና ጣልኩት። ያን ቀን ስሰድብህ ዋልኩ፤ በማግሥቱ መሰላል ተውሼ ጣራ ላይ ወጣሁ።

እንዳስተማርከኝ አንድ በአንድ ነው የሄድኩት። ሁለት ነገር በአንዴ ከነካሽ የትኛው እንዳዳነው አታውቂም ትለኝ ነበር። ባትሪውን ቀየርኩና ጠበቅሁ። አንቴናውን ከፍ አደረግሁና ጠበቅሁ። እርጥብ ቅጠል ሞገድ ይጠጣል ስትል ስለሰማሁ የግቢያችንን የኮክ ዛፍ ቅርንጫፍ አስቆረጥኩ። ተቀባዩን ከቴሌቪዥኑና ከስልኩ ቻርጀር አራቅሁት። በእያንዳንዱ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል፣ እኔም እኮራለሁ፤ ከዚያ ሰረዙ ይመለሳል።

ግራ ያጋባኝ መቋረጡ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። አንድ ሰሞን ቀትር ላይ ከሆነ፣ ቀስ እያለ ወደ ጠዋት ይንሸራተታል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ በሌላ በኩል ዞሮ ይመጣል። እንዲህ የሚመላለስ ግድግዳ የለም፣ እንዲህ የሚመላለስ ዝናብም የለም። ከጣራው እስከ መደርደሪያው ባለው ቦታ ላይ አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚያልፍ፣ ቆም የሚል፣ ተመልሶ የሚሄድ ይመስለኝ ጀመር። ስለ ቀትር ጋኔን የሚወራውን ታውቃለህ፤ አብረን ስንስቅበት ኖረናል። ብቻዬን ስሆን ግን ቀትር ሲደርስ በሩን መዝጋት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ሽንኩርት ስልጥ ያንተ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለት ላኪዎች በአንድ ሞገድ እኩል ከተናገሩ ተቀባዩ የሁለቱንም አይሰማም ብለኸኝ ነበር። ሰዓታቸው እኩል ስላልሆነ አንዱ ሌላውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል፣ ለጊዜው ይደራረባሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ። እንግዲያው ሌላ ላኪ አለ ማለት ነው። ከአንተ በቀር በዚህ ሰፈር ይህን ዓይነት ነገር የሚሠራ ማን አለ? ተቀባዩ ጎን ላይ ተጭኜው የማላውቅ ቁልፍ አለ። ተጫንኩት። ቁጥሩ በሚታይበት የተቀባዩ መስኮት ላይ ቁጥር ሁለት የሚል ወጣ፣ ከሥሩም ሠላሳ አምስት ዲግሪ።

ውጭው ጉም ነበር፤ ጣራችን በብርድ ደርቋል። ቁጥር ሁለት ያለበት ቦታ ግን ሠላሳ አምስት ነው። እስኪመሽ አየሁት፣ ሠላሳ አምስት። ሲነጋም ያው ነው፤ ከነጥብ በኋላ ያለችው ዜሮ እንኳ ንቅንቅ አላለችም። ያ ቁጥር ለምን እንዳስደነገጠኝ አንተ ታውቀዋለህ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ቴርሞሜትሩን በብብትህ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ትኩሳትህ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ፣ ያ ላብ ካጠመቀህ በኋላ፣ ነርሷ ዞር በይ ከማለቷ በፊት ያነበብኩት ሠላሳ አምስት ነበር። ይህን ለልጃችን እንኳ አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ መጠገኑን ተውኩት። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ቁጥር ሁለትን ተጭኜ እንዴት አደርክ እልሃለሁ። ሲቋረጥ አልናደድም፤ እያወራ ነው እላለሁ። ቀትር ላይ በሩን ዘግቼ ከፊቱ እቀመጣለሁ። መዳፌን መስኮቱ ላይ አደርጋለሁ፣ መስኮቱ ግን ቀዝቃዛ ነው። ልጃችን ደውላ፣ እማዬ ምነው በሹክሹክታ ታወሪያለሽ፣ ማን ተኝቶ ነው ስትለኝ ደነገጥኩ። ብቻዬን እንደነበርኩ ታውቃለች። የዚያን ዕለት ፈራሁ፣ ካንተ ይልቅ ለራሴ ፈራሁ።

ስለዚህ ፍለጋ ተነሣሁ። ቅርብ ያለውን ብቻ እንዲሰማ አንቴናውን ነቅሎ መያዝን ካንተ አይቻለሁ። እንደዚያው አድርጌ ተቀባዩን ከነባትሪው በቦርሳዬ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ወዴት እንደሄድኩ አትጠይቀኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ተሳልሜ መቃብርህ ላይ ቆምኩና ከነጠላዬ ሥር አወጣሁት። ቁጥሩ እንዳይመጣ ፈራሁ፤ እንዳይቀርም ፈራሁ። ሰረዝ ነው። ዞርኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ያው ሰረዝ። ከቅዳሴ የሚወጡት ሴቶች እስኪያፈጡብኝ ድረስ ቆየሁ። አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስመለስ፣ ከቤታችን በታች ባለው በጎረቤታችን በአያ ጥጋቡ አጥር ሥር ሳልፍ እንዲያው ለአመሉ አየት አደረግሁት። ሠላሳ አምስት። ወደ ኋላ ተራመድኩ፣ ሰረዝ። ወደ ፊት፣ ሠላሳ አምስት። አያ ጥጋቡ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አንተ ስትሄድ የደከመው ዓይናቸው አሁን ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ማነሽ፣ ምነው ቆመሽ ቀረሽ፣ ግቢ እንጂ አሉኝ። ገብቼ ስለ ቁጥር ሁለት ልጠይቅዎት ነው ስላቸው ፊታቸው በራ። መጣሽ? ምን ትላለች ታዲያ? አሉኝ። ሠላሳ አምስት አልኳቸው። ተመስገን፣ ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው ብለው ጭናቸውን መቱ።

ከዚያ ሁሉንም ነገሩኝ። ሆስፒታል ከመግባትህ በፊት ቁጥር ሁለት ያልከውን ላኪ ይዘህ መጥተህ፣ ሽቦውን በትልቁ ቀፏቸው ውስጥ አስገብተህ፣ ሳጥኑን ከጣራው ክፈፍ ሥር አስረህ ሄድክ። ንቦቻቸው እየኮበለሉ አስቸግረዋቸው ነበር፤ ዓይናቸው ደግሞ መከታተል አቃተው። እጭ እስካለ ድረስ ንብ ቀፎውን ሠላሳ አምስት ላይ ያቆየዋል፤ ከፍተው አይረብሹት፤ እኛ ከቤት ሆነን እናያለን፤ ከወረደ ሮጠን እንነግርዎታለን ብለሃቸዋል። እሳቸውም ካልመጣችሁ ንቦቹ ደህና ናቸው ማለት ነው ብለው ዓመት ከመንፈቅ ከቀፎው አጠገብ ተቀምጠዋል። ታዴ፣ ሳትነግረኝ በቤቴ ስም ቃል ገባህ። ማንም ሲያይልዎት አልነበረም ብዬ ልነግራቸው አፌ አልታዘዘኝም። እናያለን አልኳቸው።

ቤቴ ገብቼ፣ ንብ ነው፣ ንብ ብቻ ነው እያልኩ እንቅልፍ ተኛሁ። አንድ ነገር ግን አላስቀምጠኝ አለ። ያ ቁጥር አይንቀሳቀስም። ያንተ ትኩሳት እንኳ ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ይለዋወጥ ነበር። ነፍስ ያለበት ነገር እንዴት እንዲህ ይረጋል?

ኅዳር ላይ አበባው ሲያልፍ ቀፎውን ልንከፍት ተስማማን። አያ ጥጋቡ ጭሱን አዘጋጅተው እጃቸውን ቀፎው ላይ ጣል አደረጉና ወዲያው መለሱት። ቀዝቅዛለች አሉ። ስንከፍተው ንብም ማርም የለም። ሰፈፉ ጠቁሮ ድር አድርቶበታል። ከሄዱ ቆይተዋል፤ ስንሰማው የኖርነው የጎን ቀፎዎቹን ድምፅ ነው። ሽቦውን አይጥ በልታው ሁለት ጫፉ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ተቀባዩን ከቦርሳዬ አወጣሁት። ሠላሳ አምስት ይላል።

አሁንስ ምን ትላለች? አሉኝ። ቆይቼ እነግርዎታለሁ ብዬ ላኪውን ፈትቼ ወጣሁ።

ቤት ወስጄ የሽቦውን ጫፍ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ ሠላሳ አምስት። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፤ ሠላሳ አምስት። በጡጫዬ ጨብጬ ተነፈስኩበት፤ ሠላሳ አምስት። በላይ ዘንድ ወሰድኩት። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ የጻፍከውን ትእዛዝ አነበበና ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። ሙቀቱን ማንበብ ካቃተህ ባዶ አትላክ፣ የመጨረሻውን ደግመህ ላክ ብለህ አዘኸዋል። ለአፍታ ሲቋረጥ ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ነው አለኝ። ሽቦው መቼ እንደተበጠሰ ማወቅ አይቻልም። አንተ በሞትክ ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ክረምትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ቀፎውን ጥሎ ለሄደ ነገር ሙቀት ነው እንዴት አደርክ ስል የከረምኩት።

ለአያ ጥጋቡ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ማንም ሲያይላቸው እንዳልነበረ ጭምር። ንቦቹ መቼ ነው የሄዱት? አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እሱም ቢሆን ሳይነግረኝ ነው የሄደው አሉ፣ አንተን ማለታቸው ነው። ሌላ ንብ እንዲገባበት ቀፎውን አጥቤና አጥኜ አሰናዳሁላቸው። ከእንግዲህ በየሳምንቱ መጥቼ የሁሉንም ቀፎ በራፍ በዓይኔ እንደምመለከትላቸውም ነገርኳቸው።

ከዚያ የቁጥር ሁለትን ባትሪ አወጣሁ። ቀላል አልነበረም፤ ጥፍሬም ልቤም ተሰበረ። የአየር መለኪያህን ለመጠገን ያንን ድምፅ ማጥፋት ነበረብኝ፣ አጠፋሁት። እንግዲህ ልንገርህ፤ እኔም የመጨረሻህን ብቻ ነበር ደጋግሜ ሳይ የኖርኩት። ስምህ በተነሣ ቁጥር የሚመጣልኝ ያ አልጋ፣ ያ ላብ፣ ያ ብብት ነው። ባትሪውን ባወጣሁ በሦስተኛው ቀን በርበሬ ሳገላብጥ፣ ራስህ ባበላሸኸው ሬዲዮ ኳስ ስታዳምጥ በጎሉ ሰዓት ፀጥ ያለብህ ቀን ትዝ አለኝ። እንዴት እንደ ጮኽክ! ግቢው መሀል ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ብዙ እየመጣ ነው፤ መሽኮርመምህም፣ ግትርነትህም፣ ዘፈን ማበላሸትህም።

የጣራው ላኪ አንድ ቀንም አልተቋረጠም። ቀትር ላይ ግን እጄ ለምዶ ቁጥር ሁለትን ይጫናል፤ ሰረዝ ይወጣል፣ ትቼው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። የቁጥር ሁለት ላኪ ባትሪ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ባለፈው ሳምንት ስጫነው ግን ሰረዙ ቶሎ አልወጣም። መስኮቱ ከወትሮው ትንሽ ረዘም አድርጎ ባዶውን ቆየ፣ አንድ ነገር ሊጽፍ የሚያስብ መሰለ። እጄን አነሣሁና ጮክ ብዬ ተናገርኩህ። አትላክ፣ ታዴዬ። እባክህ አትላክ፤ እኔው አስታውስሃለሁ።