በሙት ዓመትህ የለበስኩት ጥቁር

ውድ ታምራቴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። እንዴት አለህ ብዬ አልጠይቅህም። የት እንዳለህ አውቃለሁ፤ ቢያንስ እሁድ እሁድ አውቃለሁ ብዬ እዘምራለሁ። ግራ የገባኝ ስለ አንተ አይደለም፣ ስለ ራሴ ነው። ቃል ያስገባኸኝን አንድ ነገር አፍርሻለሁ፤ ከሌላ ሳትሰማ ራሴ ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። ቤቲ ሦስተኛ ክፍል ገባች፤ ቁጣዋም ሳቋም ቁርጥ አንተን ሆኗል። ጓሮ የተከልከው ፓፓያ ዘንድሮ አፈራ። ሚኒባስህን ባለቤቱ ለሌላ ሹፌር ሰጠው። ትምህርት ቤት ሕፃናቱን አስተምሬ ስወጣ አንዳንዴ በበሩ ሲያልፍ አየዋለሁ፤ ትርፍ ጭኖ ጭኖ ሰው በመስኮት ሊወጣ ምንም አልቀረው። ያ ሁሉ ዓመት በወንበር ልክ የጫንከው ለማን እንደሆነ እንጃ፣ ማንም አልተማረብህም።

አይ አንተ ሰው! ከደሴ ኮምቦልቻ ስትመላለስ ሹፌሮቹ «ፓስተሩ» ሲሉህ ትስቅ ነበር። ጫት አትቅም፣ ትርፍ አትጭን፣ ለተራ አስከባሪ አትዋሽ። ክርስትና በእሁድ አያልቅም፣ ማክሰኞም ረቡዕም ደፍሮ ከሰው ለየት ማለት ይጠይቃል ትለኝ ነበር። አንድ ክረምት ደሴ ፒያሳ ላይ ወንበር ሞላ ብለህ አንዲት አሮጊት በዝናብ ትተህ መጣህ። ተሳፋሪው እስከ ኮምቦልቻ ሰደበህ። አንተ ግን እነሱን አውርደህ፣ ባዶ መኪና ይዘህ ለእሳቸው ብቻ ዳገቱን ተመልሰህ ወጣህ፤ ስትደርስ ሴትየዋ በሌላ መኪና ሄደዋል። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ሳቅሁብህ። ጻድቅ ነህ ወይስ ግትር የሚለውን ግን እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ድምፅህ እየደከመ፣ እጄን ይዘህ አንድ ነገር ለመንከኝ። «ጥቁር እንዳትለብሺ፤ ጌታ ጋ ነው የምሄደው» አልከኝ። እሺ አልኩህ። ለሚሞት ባል እምቢ ይባላል እንዴ?

ቃሌንም ጠበቅኩ። በሰልስትህ ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ምስክርነት ነው እያሉ አቀፉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሙገሳው ጣመኝ። ከእነሱ መካከልማ ጥቁር የለበሰ ማንም አልነበረም፤ እኔ የደፈርኩት ምኑን እንደሆነ ያኔ አላሰብኩትም።

እናትህ ግን ሌላ ናቸው። አንተ ጴንጤ ስትሆን እሳቸው እንደ ጥንቱ ኦርቶዶክስ ቀሩ፤ እንደ ወጉም ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር ለበሱ። ቀሚሴን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ደሴ ቤታቸው ብሄድ በደንብ አላናገሩኝም፤ ሻይ አቅርበው ግድግዳ ያያሉ። ቤቲን ቅዳሜ ቅዳሜ መውሰዴንም ተውኩ። ልጅቱ አያቴ ተቆጣችኝ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። አንተን አጥታለች፤ አያቷንም በእኔ ቀሚስ የተነሳ ልታጣ ነው።

ሙት ዓመትህ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእናትህ ጎረቤት እትዬ ዘይነባ ኮምቦልቻ ዘመድ ሊጠይቁ ወርደው ወደ እኔ ጎራ አሉ። እስላም ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ ከአሱር ሶላት በኋላ እየመጡ ከእናትህ ጋር የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ልቆጣሽ አልመጣሁም» አሉና እናትህ ምን እንደሚሉ ነገሩኝ። ለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሚስቱስ የት አለች እያለ ይጠይቃቸዋል። እሳቸው ስለ ሃይማኖት አንድም ቀን አላነሱም። የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ «ለልጄ ብቻዬን ለበስኩለት።»

እኔ ዓመት ሙሉ የተጣላነው በእምነት መስሎኝ ነበር። ለካ እሳቸው የሚያዝንላቸው ሳይሆን አብሯቸው የሚያዝን ነው ያጡት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መምታታቴን እንዴት ልንገርህ። የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጠየቅኳቸው፤ ቃል ቃል ነው፣ በዓለም ፊት ያቆምሽውን ምስክርነት አታፍርሺ አሉኝ። ታናሽ እህቴን ጠየቅኳት፤ ጨርቅ እኮ ነው፣ ለብሰሽ ተገላገይ አለችኝ። ጸለይኩ፤ ዝም። ብለብሰው አንተን ከዳሁ፣ ባልለብሰው እናትህን ገደልኩ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩልህ። ኢየሱስ ራሱ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አላለቀሰም ወይ እላለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ ያንን እጅህን አስባለሁ።

በመጨረሻ ከጎረቤት ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ነጠላ ተዋስኩ። በሙት ዓመትህ ቀን ለብሼው ወደ ደሴ ስወጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ማን ሞተብሽ ልጄ አሉኝ። ባለቤቴ አልኳቸው። መቼ ሲሉኝ ዛሬ ዓመቱ ነው አልኩ። ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔ እንደምታውቀው ከልጅነቴ በጸሎት ቤት ያደግኩ ነኝ፣ እኛ ቤት ጥቁር ተለብሶም ተወልቆም አያውቅም። በዓመቱ እንደሚያወልቁት በሩቁ እሰማለሁ፤ ግን ሰው በልቶ ጠጥቶ ከተበተነ በኋላ ማታ ላይ ነበር የሚመስለኝ።

እናትህ ሰፈር ቧንቧ ውሃ ከሚኒባሱ ወርጄ ግቢያቸው ስገባ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘመዶችህ ጠዋት በማለዳ የእናትህን ጥቁር አስወልቀው ነጭ አልብሰዋቸዋል። በግቢው ውስጥ ጥቁር የለበስኩ እኔ ብቻ ነኝ! ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ለብሼ ከርሜ፣ ሁሉም ባወለቀበት ቀን ጥቁሬን ተከናንቤ መጣሁ። አክስትህ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ አላወቅኩም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልመለስ ዞርኩ።

እናትህ ተነሱ። ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ጓዳ ገቡ። በቃ፣ መጨረሻው ይሄ ነው አልኩ። ትንሽ ቆይተው ሲወጡ ያንን ያወለቁትን ጥቁር መልሰው ለብሰዋል። ዘመዶቹ ተንጫጩ፤ ሟርት ነው፣ አንዴ የወለቀ አይለበስም እያሉ። እሳቸው እጄን ይዘው ምንጣፉ ላይ አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ለቅሶው ዛሬ ነው» አሏቸው።

አለቀስን፣ ታምራቴ። ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩትን ሁሉ። እትዬ ዘይነባ በሌላው ጎኔ ተቀምጠው ጀርባዬን ያሹኛል። ተስፋ ቆርጬ አልነበረም፣ እመነኝ፤ ትንሣኤህን እያመንኩ ነው የጮህኩት። ሁለቱ አንድ ላይ መሆን እንደሚችሉ አላውቅም ነበር፤ አሁንም በደንብ አላውቅም። ሲመሽ እናትህ በገዛ እጃቸው ጥቁሩን ከእኔም ከራሳቸውም አወለቁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ኮምቦልቻ ደርሷል። እሁድ ከእህቶች ግማሾቹ ሰላም ሳይሉኝ አለፉ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉባኤ መካከል ከሰው የተለየሁት ያን ቀን መሆኔ ገረመኝ። አንተ ደፍረሽ ተለዪ ያልከኝ ይህን ነው? ወይስ ተሸንፌያለሁ? ቁጭ ብለህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት። የምትቆጣ ከሆነም ተቆጣ፣ ስንገናኝ እንጨራረሳለን።

ቤቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ መውጣት ጀምራለች። እናትህ ስለ ልጅነትህ ይነግሯታል፣ እኔ ስለ ባልነትህ፤ አንዳንዴ የምናወራው ስለ አንድ ሰው አይመስልም። እኔ የማውቀው አንተ ከእናትህ ልጅ ግማሹ ብቻ እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። አልረሳህም፣ ይህን ቃል አላፈርሰውም። ግን ከእንግዲህ ብቻዬን አላስታውስህም።

ባለቤትህ