ግማሽ ነዋሪነቴንና የወንድሜን መንጋጋ ይመለከታል

ይድረስ ለክቡር የገቢ ግብር ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እኔ ከተሰበሩት ሁለት ጎድኖቼ በቀር ደኅና ነኝ። ታላቅ ወንድሜም ሰላምታውን በአፉ ቢያቀርብ ደስ ባለው ነበር፤ መንጋጋው በሽቦ ስለታሰረ ግን እኔው አድርሼለታለሁ።

እኔ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ የምተኩስ፣ ባለፈው ዓመት አጋማሽ እዚህ አገር የገባሁ ሰው ነኝ። ገቢህን አሳውቅ ብላችሁ ስትጠሩኝ፣ ቋንቋውን በቅጡ ስለማላውቅ፣ ቀድሞኝ የመጣውን አናጢ ወንድሜን ይዤ ቀረብኩ። የተጣላን ስለሚያስታርቅና ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው ስለሌለ ሰፈሩ "አስታራቂው" ይለዋል። ምስጋናዬንም በተራ ቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ፦

1. ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት ውድቅ ስላደረጋችሁልኝ። አንደኛው መስኮት፣ ከዓመቱ አጋማሽ ወዲህ እዚህ ስለኖርኩ "ነዋሪ" ነህና ወደ አራተኛው ሂድ አለኝ፤ አራተኛው መስኮት ያሉት ወይዘሮ፣ ከዚያ በፊት በሌላ አገር ስለሠራሁ "ነዋሪ ያልሆነ" ነህና ወደ አንደኛው ተመለስ አሉኝ። እስከ ምሳ ሰዓት እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ተመላለስኩላችሁ።

2. ስለ ጥበቃ ሠራተኛዎ ትጋት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ "እመቤት፣ ሰውዬው እንኳ አንድ ነው፤ የትኛውን ቅጽ ይሙላ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ጥበቃው ከኋላው መጥቶ "ዞር በል! ሰልፍ አትዝጋ!" አለው።

"እሺ ልጄ፣ መልሱን ልስማና እሄዳለሁ።"

መልሱ በዱላ መጣ። ክቡርነትዎ የደረቀ ጣውላ ሲሰነጠቅ ሰምተው ከሆነ፣ የሰው መንጋጋም ድምፁ እንደዚያው ነው። ወድቆም ዱላው አልተወውም፤ ጀርባውን፣ ከዚያም ራሱን የከለለባቸውን ጣቶቹን አንድ በአንድ አገኛቸው። ደሙ እስኪፈስበት ድረስ ወለላችሁ ምን ያህል ነጭ እንደሆነ ልብ አላልኩም ነበር።

3. ስለ ሥርዓት አክባሪነታችሁ። ከወለሉ ያነሳሁትን ቅጽ ባቀርብ ወይዘሮዋ "ደም የነካው አንቀበልም፤ አዲስ ይሙሉ" አሉኝ።

ያን ጊዜ ዐይኔ ደም ለበሰ። ወንበር አንስቼ በጥበቃው ትከሻ ላይ አሳረፍኩት፤ ትከሻው ሲሰበር ሰማሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ደስ አለኝ። ሦስት ባልደረቦቹም ጎድኔን በጫማቸው አስተካከሉልኝ። ጣቢያ ስደርስ ነዋሪ ነህ አይደለህም ያለኝ የለም፤ ሙሉውን ሰውዬ ነው ያሰሩት።

4. ታስሬ ሳለሁ ቀነ ገደቡ ስላለፈ፣ የመዘግየት ቅጣት ከሁለቱም መስኮት ስለላካችሁልኝ። በዋስ ከተለቀቅሁ ወዲህ፣ ጥበቃው በእድገት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መዛወሩን፣ እኔ ደግሞ መከሰሴንም ሰምቻለሁ።

ነገሩ በእርቅ ይለቅ ብሎ ባለፈው ሳምንት ቤታችን የመጣውን መልእክተኛዎን በተመለከተ፦ ወንድሜ ሾርባውን በቀጭን ቱቦ እየሳበ ሰውየውን እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ እርሳስ አነሳ። ሁለቴ ከእጁ ወደቀበት። ሦስተኛው ላይ፣ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያስታርቅ የኖረው ሰው፣ በጎበጡ ጣቶቹ "አልታረቅም" ብሎ ጻፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ፍርድ ቤት እንገናኝ።

ለመብት ሲሆን በከፊል፣ ለቅጣት ሲሆን በሙሉ ነዋሪዎ ሆኜ፣ በጎድኔ ምክንያት እጅ ለመንሳት ማጎንበስ ስላልቻልኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፤

አንሶላ ተኳሹ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል የሚለው መጠይቃችሁ ደርሶናል። ያመጣው ፖስተኛ ነው። የስድስት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ፣ አባቷን ማን መታው ብላ ስትጠይቅ፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ብለናት ነበር። ፖስተኛውን ከበር ስታየው አልጋ ሥር ገባች፤ እስኪመሽም አልወጣችም። ይህንን የምጽፍበት ቦታ መጠይቁ ላይ ፈልጌ አጣሁ።